አልበላም ያለ ጌኮ

ጌኮ የተባለው እንሽላሊት መታመሙን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳውቀው መብላት በማቆም ነው። ውሻ ሲያመው ያላዝናል፣ ያነክሳል፣ ባለቤቱን ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ጌኮ ግን በደህናውም ቀን ድምፁ የማይሰማና ብርሃን እስኪጠፋ ከዋሻው የማይወጣ ፍጥረት ስለሆነ፣ የጤናውም የሕመሙም መልክ ለተመልካች አንድ ነው። ባለቤቱ ጠዋት ተነስቶ የመስታወት ሣጥኑን ሲያይ የሚያገኘው ዜና ማታ የገቡት ፌንጣዎች መጉደላቸው ወይም አለመጉደላቸው ብቻ ነው። ካልጎደሉ ቤቱ ይሸበራል።

በሰው ቤት በብዛት የሚያድገው ሌፐርድ ጌኮ የሚባለው ዝርያ ነው። ቢጫ ቆዳው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለው፤ አገሩ የአፍጋኒስታን፣ የፓኪስታንና የሰሜን ምዕራብ ሕንድ ድንጋያማ ደረቅ ምድር ነው። ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ብላይዝ ሲሆን፣ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1854 ነበር። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ሱቆች የሚሸጠው ከሞላ ጎደል ሁሉ እዚያው በሰው እጅ የተፈለፈለ ነው። ድሬዳዋ ላይ ማታ አምፖል ሥር ተለጥፎ የእሳት እራት ከሚያድነው እንሽላሊት ጋር ቢዛመድም ጠባያቸው አይገናኝም። ሌፐርድ ጌኮ ጣቶቹ የማይጣበቁ ስለሆኑ ግድግዳ አይወጣም፤ የሚከደን የዓይን ቆብም አለው። የግድግዳው ዘመዱ ቆብ ስለሌለው ዓይኑን በገዛ ምላሱ እየላሰ ያጸዳል። በኢትዮጵያና በሶማሊያ ደረቅ ቆላ ውስጥ ባለ ዓይን ቆብ የሆኑ የቅርብ ዘመዶች አሉት፤ ቀኑን ጉድጓድ ውስጥ ስለሚያሳልፉ የአገሩ ሰው እንኳ እምብዛም አያያቸውም።

የዚህ እንስሳ ጎተራ ጅራቱ ነው። የተረፈውን ስብ እዚያ ያከማቻል፣ በክፉ ቀን ከዚያ ይመነዝራል። ጅራቱ ከአንገቱ የወፈረ ጌኮ ስንቅ አለው ማለት ነው፤ የቀጠነና አጥንቱ የሚታይ ከሆነ ግን ስንቁ አልቋል።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት ጌኮ ቢገኝ፣ የመጣው በልጅ ልመና ነው። ልጅ ውሻ ይለምናል፤ ወላጅ እምቢ ይላል፤ ድመት ይባላል፤ አሁንም እምቢ። ድርድሩ እየወረደ እየወረደ ጌኮ ላይ ይቆማል። ወላጅ የሚስማማው «ትንሽ ነው፣ አይጮህም፣ አይሸትም» ስለተባለ ነው። ከ15 እስከ 20 ዓመት ሊኖር እንደሚችል የሚነገረው ብዙ ጊዜ ከተገዛ በኋላ ነው። ስለዚህ ልጅ ኮሌጅ ሲገባ እንስሳው ከእናት ጋር ይቀራል፤ አልበላም የሚለውም ብዙውን ጊዜ ያኔ ነው።

አልበላም ሲል መጀመሪያ የሚጣራው፣ ቀኑ በእርግጥ የመብያው ቀን ነው ወይ የሚለው ነው። በማደግ ላይ ያለ ትንሽ ጌኮ በየቀኑ ይበላል፤ ዓመት ያለፈው ግን በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ከበላ ይበቃዋል። ቁርስ፣ ምሳና እራት በሰዓቱ የሚቀርብበት ቤት ይህን ለማመን ይቸገራል። ጅራቱ የወፈረና ክብደቱ ያልቀነሰ ትልቅ ጌኮ ለሁለት ሳምንት ያህል ባይበላ የሚያሰጋ ነገር የለም። ትንሹ ግን ስንቅ ስለሌለው ሦስት አራት ቀን ካለፈው ለሐኪም መታየት አለበት።

ቀጥሎ ሙቀት ነው። አብዛኛው የጌኮ ክስ እዚህ ላይ ይዘጋል። ጌኮ የሰውነቱን ሙቀት ከውስጡ አያመነጭም፤ የበላውን የሚፈጭለት ሆዱን የሚያስተኛበት ወለል ነው። ስለዚህ የሣጥኑ አንዱ ጫፍ ወለል ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መሞቅ አለበት፤ ሌላኛው ጫፍ ደግሞ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ መሆን ይኖርበታል፤ እንስሳው በሁለቱ መካከል እየተመላለሰ ራሱን ያስተካክላል። ወለሉ ሲቀዘቅዝ አንጀቱ ይሰንፋል። የዋጠው ፌንጣ ሳይፈጭ ሆዱ ውስጥ ይበሰብሳል ወይም ተመልሶ ይወጣል። እንግዲህ በቀዝቃዛ ወለል ላይ አፉን የሚዘጋ ጌኮ በሽተኛ ሳይሆን አስተዋይ ነው፤ መታከም ያለበት ሣጥኑ ነው።

ባለቤቱ በበኩሉ «ሙቀቱማ ልክ ነው» ይላል፤ ማስረጃውም ሣጥኑ ግድግዳ ላይ የተለጠፈችው ክብ ቴርሞሜትር ናት። እሷ የምትለካው የግድግዳውን አየር ነው፤ ሌፐርድ ጌኮ ደግሞ ግድግዳ ላይ አይተኛም። ትክክለኛው ልኬት የሚገኘው ጫፉ ወለሉ ላይ በሚቀመጥ ባለ ሽቦ ቴርሞሜትር ወይም ከርቀት በሚለካ መሣሪያ ነው። ከሣጥኑ ሥር የሚነጠፈው ማሞቂያም ሙቀቱን የሚገድብ ቴርሞስታት ያስፈልገዋል፤ ያለ እሱ ከ40 ዲግሪ አልፎ የእንስሳውን ሆድ ሊያቃጥል ይችላል። ሙቀት የሚጠፋበት ምክንያት ሲመረመር ግን አብዛኛው ተራ ነገር ነው፦ ምንጣፍ ሲጠረግ ሶኬቱ ተነቅሎ ቀርቷል፤ ሣጥኑ ዕቃ ሲዟዟር መስኮት ሥር ደርሷል፤ የቤቱ አባወራ ደግሞ ማታ መብራት ሲያጠፋፉ ማሞቂያውንም አብረው ያጠፉታል። ማሞቂያዋ ከአንዲት ትንሽ አምፖል የበለጠ መብራት እንደማትፈጅ ቢነገራቸውም ነገሩ የመርህ ጉዳይ ነው፤ እንሽላሊት በኤሌክትሪክ ሲሞቅ አባታቸው አላዩም፣ እሳቸውም ማየት አይፈልጉም።

ሙቀቱ ልክ ሆኖ ጌኮው አሁንም ካልበላ የቀን መቁጠሪያ ይታያል። በተፈጥሮ አገሩ ብርዱ ሲበረታ ጉድጓዱ ውስጥ ተከትቶ ከጅራቱ ስብ እየኖረ ያሳልፋል። በሣጥን የተፈለፈለውም ቢሆን የቀኑ ማጠር ይሰማዋል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ የብዙዎቹ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚጀምር ቤተሰቡና እንስሳው አብረው ጾም ይገባሉ ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ቤተሰቡ በገና ሲፈታ ጌኮው ሊቀጥል መቻሉ ነው። ሁዳዴ ገብቶ ቤቱ ከሥጋ ሲለይ ደግሞ እሱ ወደ ሥጋው ይመለሳል።

ሌሎችም ሕመም ያልሆኑ ምክንያቶች አሉ። ቆዳውን ሊቀይር አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው መልኩ ይገረጣል፣ ምግብም ይተዋል፤ የገፈፈውን ቆዳ ግን ራሱ ይበላዋል። ባለቤቱ ይህን ስለማያይ ጌኮው ምንም ሳይቀምስ ያደረ ይመስለዋል። ወንዱ በመራቢያ ወቅት ሐሳቡ ሌላ ቦታ ስለሆነ ፌንጣ አይታየውም። ሴቷ እንቁላል ስትይዝ ሆዷ ውስጥ ለምግብ ቦታ ያንሳል፤ ወንድ ሳይደርስባትም ፍሬ አልባ እንቁላል ልትይዝ ትችላለች፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሁለት ስለሚሆኑ በሆዷ ስስ ቆዳ በኩል ይታያሉ። ቤት የቀየረ ጌኮም አዲሱን ቦታ እስኪለምድ ሳምንት ሁለት ሳምንት ያኮርፋል። ሁለት ጌኮ በአንድ ሣጥን ሲቀመጡ ደግሞ ኃይለኛው ሙቁን ቦታና ምግቡን ይይዝና ደካማው ጥግ ላይ ይከሳል። ሰዎች ተቃቅፈው ተኙ ብለው ፎቶ የሚያነሷቸው እንዲህ ያሉትን ነው።

ስለ ፌንጣው ራሱም የሚነገር አለ። ጌኮ ቅጠል አይበላም፣ የሞተ ነገርም እምብዛም አይነካም፤ የሚንቀሳቀስ ነፍሳት ይፈልጋል። የፌንጣው መጠን በጌኮው ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ስፋት መብለጥ የለበትም። ከመቅረቡ በፊት ለአንድ ሁለት ቀን ካሮትና ቅጠላ ቅጠል መብላት አለበት፤ ሆዱ ባዶ የሆነ ፌንጣ ለጌኮ ከቅርፊት የማይሻል ምግብ ነው። ከዚያ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይገባና የካልሲየም ዱቄት ተነስንሶበት ነጭ እስኪሆን ይነቀነቃል። በጾም ቀን ወጧን በዘይት የሠራች እናት ወጥ ቤት ቆማ ሕያው ፌንጣ ዱቄት ስትቀባ የሚያያት ጎረቤት ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ጌኮው መብላት ሲያቆም ፌንጣዎቹ መብላት አያቆሙም። ቤተሰቡ ለአንድ እንስሳ ብሎ የገዛቸውን ሃምሳ እንስሳት መቀለብ ይይዛል፤ ካሮት ይከተፍላቸዋል፣ የሞተው ይለቀማል፣ ሳጥናቸው ሲሸት ይቀየራል። ከመካከላቸው አንዱ አምልጦ ፍሪጅ ጀርባ ይገባና ሌሊቱን ሲዘፍን ያድራል፤ የሚዘፍነው ወንዱ ብቻ ነው፤ የሚያመልጠው ግን ምን ጊዜም ወንዱ ይመስላል። ሳይበሉ የቀሩት ፌንጣዎች ከጌኮው ጋር ማደር የለባቸውም። ሌሊት ሲርባቸው የተኛውን እንስሳ ጣትና የዓይን ቆብ ይነክሳሉ። እራት የነበረው ሲነክሰው ያደረ ጌኮ በማግስቱ ፌንጣ ሲያይ ቢሸሽ ምክንያት አለው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ያልተፈታ ጉዳይ ወደ ሕመም ይዞራል። መጀመሪያ አፍና ዓይን ይታያል። ድዱ ያበጠ፣ ከንፈሩ ላይ አይብ የመሰለ መግል ያለበት ጌኮ እያመመው አይበላም። ዓይኑ ላይ አሮጌ ቆዳ የቀረበት ደግሞ ምግቡን ስለማያይ አይበላም። አጥንቱ የላላ፣ እግሩ የተጣመመ፣ ሲራመድ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ አንሶታል፤ የእንዲህ ያለው መንጋጋ ማኘክ አይችልም። አሸዋ ላይ የሚኖር ጌኮ ፌንጣ ሲነጥቅ አሸዋ አብሮ ይውጣል፤ በተለይ ሰውነቱ የቀዘቀዘና ውኃ ያነሰው ሲሆን አንጀቱ ሊዘጋ ይችላል። ኩሱ ይቆማል፣ ሆዱ ይነፋል። የደህና ጌኮ ኩስ ቡናማ ሆኖ በአንዱ ጫፍ ነጭ ነገር አለው፤ ውኃ የሆነ፣ የሚገማ ወይም ሳይፈጭ የወጣ ፌንጣ ያለበት ከሆነ በአንጀቱ ተውሳክ ይጠረጠራል።

ከነዚህ ሁሉ የሚፈራው ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ተውሳክ ነው። የአንጀቱን ግድግዳ ስለሚጎዳ ጌኮው ቢበላም አይጠቀምም፤ የበላውን ይመልሳል፣ ጅራቱ እንጨት እስኪመስል ይቀጥናል። ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው በዕቃና በእጅ ይተላለፋል፤ ቤት ውስጥ የሚታመንበት በረኪናም አይገድለውም። አስተማማኝ መድኃኒት አልተገኘለትም። በምርመራ ከተረጋገጠና እንስሳው ከመነመነ ብዙ ሐኪሞች ስቃዩን ማሳጠርን ይመክራሉ። ጅራት በመቅጠኑ ብቻ ግን ፍርድ አይሰጥም፤ ረሃብም ተራ የአንጀት ትልም ያቀጥነዋል።

የቤት እንክብካቤ ሥርዓት አለው፤ የሚጀምረውም በሚዛን ነው። ትልቅ ሌፐርድ ጌኮ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 80 ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ ግራም የሚቆጥር ትንሽ ሚዛን ያስፈልጋል። በርበሬ የሚመዘንበት ሚዛን ለዚህ አይውልም፤ ምክንያቱ ከታች ይመጣል። በሳምንት አንድ ጊዜ ተመዝኖ ይጻፋል። 60 ግራም የነበረው 54 ከገባ አንድ አሥረኛውን አጥቷል ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ መጠበቅ አያስፈልግም። ሚዛን የሚጠቅመው ደግሞ በዓይን የሚለካ ሰው ስለሚሳሳት ነው፤ አያት «ከሳ» ይላሉ፣ ልጅ «ወፈረ» ይላል፣ ሁለቱም የሚያዩት ያንኑ ጌኮ ነው።

ወለሉ ተለክቶ ይስተካከላል፣ አሸዋው ወጥቶ በምትኩ የወረቀት ፎጣ ይነጠፋል፤ ኩስ በግልጽ የሚታየውም ፎጣ ላይ ነው። ንጹሕ ውኃ በዝርግ ዕቃ ይቀመጣል። ውስጡ እርጥብ ፎጣ ያለበት የተከደነ ትንሽ ዋሻ ሙቁ ወገን ላይ ይደረጋል። ውኃ ያነሰው ከመሰለ፣ ማለትም ዓይኑ ከጎደጎደና ቆዳው ሲቆነጠጥ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ለብ ባለና ከሆዱ በማያልፍ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ እየተጠበቀ ይቆማል። ከዚያ ይተዋል። ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ ለሰው ከሁሉ ይከብዳል። በየሰዓቱ ዋሻውን እያነሱ «ምን ሆንክብኝ» ማለት ለጌኮ ጭልፊት እንደመጣበት ነው። በተለይ በጅራቱ አይያዝም፤ ከፈራ ጅራቱን በጥሶ ይሄዳል። በምትኩ የሚበቅለው አጥንት የሌለው ሌላ ጅራት ነው፤ ያጠራቀመው ስብም ከተቆረጠው ጋር ይቀራል።

ምግብ የሚቀርበው ሲመሽ ነው፣ አንድ ነፍሳት ብቻ፣ በወረንጦ ጫፍ ቀስ ብሎ እየተንቀሳቀሰ። ካልፈለገ ይወሰዳል፣ ከሁለት ቀን በኋላ ይደገማል። ፌንጣ ካልሆነ የጢንዚዛ እጭ ወይም ለዚሁ የሚረባ በረሮ ይሞከራል። የንብ ቀፎ ውስጥ ገብቶ ሰም የሚበላው የእሳት እራት እጭም ይሸጣል፤ ስብ የበዛበት ስለሆነ እምቢተኛውን ሁሉ ያባብላል። ከአንድ ሁለት በላይ ከተሰጠው ግን ጌኮው ሌላውን ምግብ ንቆ እሱን ብቻ ይጠብቃል።

እንግዳን «አፈር ስሆን» ብሎ የሚያበላ ሰው እዚህ ላይ ትዕግሥቱ ያልቃል፤ ጉርሻ ይመጣለታል። ጌኮን በግድ ማጉረስ አደገኛ ነው። አፉ በኃይል ሲከፈት መንጋጋው ሊሰበር ይችላል፤ የሚሰጠው ፈሳሽ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ሰውነቱ ሳይሞቅ የገባ ምግብም ሆዱ ውስጥ ይበላሻል። የተፈቀደው የዋህ ዘዴ ነው፦ ሐኪም ያዘዘው ለነፍሳት በሎች የተዘጋጀ የዱቄት ምግብ በውኃ ይበጠበጥና አንዲት ጠብታ ከንፈሩ ዳር ትደረጋለች። ጌኮ ከንፈሩን የነካውን መላስ ልማዱ ስለሆነ ይልሳታል። ከላሰ ሌላ ጠብታ ይጨመራል። ካልላሰ የዕለቱ ማዕድ ተነስቷል።

ወደ ሐኪም ሲኬድ ስለ ተሳቢ እንስሳት የሚያውቅ መመረጥ አለበት፤ የውሻና የድመት ሐኪም ሁሉ ጌኮ አያክምም። እንስሳው ቀዳዳ ባለው ትንሽ ዕቃ ውስጥ ፎጣ ተነጥፎለት፣ ብርድ ሳይመታው ይሄዳል። ትኩስ ኩስ በተዘጋ ከረጢት መያዝ ግማሽ መንገድ ነው፤ ከረጢቱ ፍሪጅ ውስጥ ከተቀመጠ ግን ቤተሰቡ አስቀድሞ ይነገረው። ሐኪሙ ኩሱን በማይክሮስኮፕ ያያል፣ የአንጀት መዘጋት ወይም እንቁላል ከጠረጠረ ራጅ ያነሳል፣ መድኃኒቱን በግራም አስልቶ ይሰጣል። የበግ ወይም የውሻ የትል መድኃኒት «በትንሹ» ብሎ መስጠት 60 ግራም የሚመዝን እንስሳ ላይ ትንሽ የሚባል ነገር አይደለም። የምርመራው ዋጋ ጌኮው ከተገዛበት ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። አባወራው ይህን ሲሰሙ «በዚህ ገንዘብ ስንት ጌኮ ይገዛ ነበር» ብለው ማስላታቸው አይቀርም። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ልጁ ፊት አለመነገሩ ግን ይመረጣል።

የቤቱ ሰው ጤናም አብሮ ይታሰባል። ተሳቢ እንስሳት ደህና መስለው ሰውን የሚያሳምም ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ ሊሸከሙ ይችላሉ። ጌኮውን ወይም ዕቃውን የነካ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ የውኃ ሳህኑ ምግብ በሚሠራበት ገንዳ አይታጠብም፤ ሚዛኑም ከቅመሙ ሚዛን የተለየው ለዚህ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት ባሉበት ቤት ተሳቢ እንስሳ እንዳይያዝ ይመክራል። ሌላ ጌኮ ካለ በሽተኛው በተለየ ክፍል ይቀመጣል፤ ሁልጊዜም ደህናው ቀድሞ፣ የታመመው ኋላ ይስተናገዳል።

ጌኮው አንድ ቀን ማታ ፌንጣዋን አተኩሮ አይቶ፣ የጅራቱን ጫፍ አርገብግቦ ይነጥቃታል። ቤቱ በደስታ ሃምሳውን ሁሉ ሊያቀርብለት ይፈልጋል። የሚሰጠው ግን አንድ ወይም ሁለት ትንንሽ ነው፣ በማግስቱ ዕረፍት፣ ከዚያ እንደገና ሁለት። ለብዙ ጊዜ ባዶውን የቆየ አንጀት በአንዴ ሲሞላ የበላውን ይመልሳል። የመዳኑ ማረጋገጫ ከበላ በኋላ ባሉት ቀናት የሚገኘው ደህና ኩስ ነው፤ ክብደቱ ከዚያ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፣ ጅራቱ ግን ከሁሉ ኋላ ይሞላል። እስከዚያው የሳምንቱ ሚዛን ይቀጥላል።